«ነምበር ዘ ስታርስ»ን ከልጄ ጋር በ12 ሌሊት ጨረስነው

ምዕራፍ 9 ላይ ስንደርስ ልጄ ገጹን በመዳፏ ሸፈነችው። «ቆይ እማዬ፤ እነዚህ እኮ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ታዲያ ለምንድን ነው የሚዋሹት?» አለችኝ። የምዕራፎቹ ርእሶች የሚመጣውን ነገር አስቀድመው ስለሚያወጡት ሳላነብላት እየዘለልኳቸው ነበር። መዳፏን አንሥቼ አሳየኋት። ርእሱ ራሱ «ለምን ትዋሻለህ?» ይላል። ዝም ብላ አየችኝ። ልጄ 10 ዓመቷ ነው፤ የመጽሐፉ ባለታሪክ አነማሪም እንደዚያው።

መጽሐፉ የአሜሪካዊቷ ደራሲ የሎይስ ላውሪ «ነምበር ዘ ስታርስ» ነው፤ «ከዋክብትን ቁጠር» እንደ ማለት። የታተመው በ1989 ነው፤ እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1990 ደግሞ በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን ትልቁን ሽልማት፣ የኒውበሪ ሜዳልያን አግኝቷል። ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ 17 አጫጭር ምዕራፎች አሉት፣ መጨረሻ ላይም የደራሲዋ ማስታወሻ። እንግሊዝኛውን በዐይኔ እየተከተልኩ በአፌ በአማርኛ እየመለስኩ ነው ያነበብኩላት። በናዚ ዘመን አይሁድ ላይ የደረሰውን መከራ ለልጁ ከየት ጀምሮ እንደሚነግረው ግራ የገባው ወላጅ ካለ፣ እኔ ያየሁትን ልንገረው ብዬ ነው የምጽፈው።

ታሪኩ ዴንማርክ፣ ኮፐንሀገን ውስጥ በ1943 ይጀምራል። ጀርመኖች አገሪቱን የያዙት በኤፕሪል 1940 ስለሆነ ልጆቹ ወታደር በየመንገዱ ጥግ ቆሞ ማየት ለምደዋል። አነማሪ ዮሃንሰንና ኤለን ሮዘን አንድ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ፣ አንድ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ጓደኛሞች ናቸው። አንዷ ቀጭንና ረጅም፣ ሯጭ፤ ሌላዋ ደልደል ያለች፣ ተዋናይት መሆን የምትፈልግ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሽቅድምድም ይዘው ሲሮጡ ሁለት ወታደሮች ያስቆሟቸዋል። «ለምን ትሮጣላችሁ?» ይባላሉ፤ ይኸው ነው። የተገደለ የለም፣ የተደበደበ የለም። ነገር ግን እናቶቻቸው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይለዋወጣል፤ ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ ሂዱ ይባላሉ። ልጄ ፍርሃቱን የያዘችው ከዚያ ነው። ላውሪ በዚህ በኩል በጣም ጎበዝ ናት። አስፈሪውን ነገር ልጅ ከሚያውቀው ነገር ጋር ታያይዘዋለች፤ አነማሪ የልብስ ቁልፍ ልትገዛ ስትሄድ ተዘግቶ ከምታገኘው ሱቅ ጋር፣ ከጠፋ ስኳርና ቅቤ ጋር፣ ከዓሣ ቆዳ ከተሠራ ጫማ ጋር። የ5 ዓመቷ ታናሽ እህት ኪርስቲ ያን ጫማ አልጫማም፣ አስቀያሚ ነው፣ አረንጓዴ ነው ብላ ታለቅሳለች። ኤለን «አባቴ በቀለም ጥቁር ያደርግልሻል» ትላታለች። አባቷ መምህር ነው፤ ለፈተና ማረሚያ የሚያስቀምጠው ቀለም አለው። የጎረቤት ፍቅር በዚህ መጠን ተጽፎ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ጫማ በቀለም መንከር ብቻ።

ከዚያ ምዕራፍ 5 ይመጣል። ይህን ምዕራፍ ለማንበብ ያሰበ ወላጅ ቀድሞ ለብቻው ያንብበው።

የአይሁድ አዲስ ዓመት ነው። ምኩራብ ውስጥ ረቢው ለምእመናኑ ጀርመኖች ሊያፍሷችሁ ነው ብሎ ነግሯቸዋል። የኤለን እናትና አባት ሌላ ቦታ ተደብቀው ኤለን ከዮሃንሰኖች ጋር ታድራለች፤ የአነማሪ ታላቅ እህት ሊሰ ነኝ እንድትል ተነግሯታል። ሊሰ ከሦስት ዓመት በፊት በ18 ዓመቷ ሞታለች። ሌሊት በሩ ይደበደባል። ሁለቱ ልጆች አልጋቸው ውስጥ ሆነው የወታደሮቹን ድምፅ ይሰማሉ፤ ያኔ አነማሪ የኤለን አንገት ላይ የዳዊት ኮከብ ያለበትን ቀጭን የወርቅ ሐብል ታያለች። ኤለን ማውለቅ አቅቷታል፤ ለዓመታት አውልቃው ስለማታውቅ መቆለፊያው እንዴት እንደሚፈታ ጠፍቶባታል። ኮቴው ወደ ክፍሉ እየቀረበ ነው። አነማሪ ሐብሉን በሁለት እጇ ይዛ ትበጥሰዋለች፤ ጨብጣውም ቀጥ ትላለች። መኮንኑ የኤለንን ጥቁር ፀጉር ይዞ፣ ይቺ ጠቆር ያለች ልጅ ከየት መጣች ይላል። አባትየው የፎቶ አልበሙን አውጥቶ የሦስት ልጆቹን የሕፃንነት ሥዕል እየገነጠለ ይሰጠዋል። ሊሰ ስትወለድ ፀጉሯ ጥቁር ነበር፤ ሥዕሉ ይመሰክራል። መኮንኑ ሥዕሉን ቀድዶ መሬት ላይ ጥሎ በጫማው ተረከዝ ረግጦት ይወጣል።

የሞተች ልጅ በሕይወት ያለችውን ልጅ አዳነች። ይህን መጽሐፉ በቃል አይናገረውም፤ እኔ ነኝ ያልኩት፤ ባነበብኩበት ሌሊትም ድምፄ ተቆርጦብኝ ውኃ ልጠጣ ብዬ ተነሣሁ። ስመለስ ልጄ የራሷን መዳፍ ዘርግታ እያየች ነበር። ወታደሮቹ ከሄዱ በኋላ አነማሪ እጇን ስትከፍት ኮከቡ መዳፏ ላይ ታትሞ ታገኘዋለች። ልጄ የጠጉሯን መርፌ ጨብጣ ምልክት ትቶ እንደሆነ ስትሞክር ነበር ለካ።

እየተረጎሙ ማንበብ ከመጽሐፉ ጋር ያጋጫል፤ ግጭቱን ወደድኩት። ወራሪውን በስውር የሚታገሉትን ሰዎች እንግሊዝኛው «ሬዚስታንስ» ይላቸዋል። አፌ ላይ ወዲያው «የውስጥ አርበኞች» የሚለው መጣልኝ፤ ልጄም ማብራሪያ አልጠየቀችም። የሊሰ እጮኛ የነበረው ፔተር ማታ ማታ ብቅ ብሎ ጨዋታ ሳይጫወት የሚሄደው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። የሬሳ ሣጥኑ ጋ ስንደርስ ደግሞ እናትየው ለወታደሮቹ ያለችው በሽታ በአማርኛ ቁልጭ ያለ ስም አለው፤ ተስቦ ነው። ሟቿ አክስት በተስቦ ነው የሞተችው፣ ሐኪሙ ሣጥኑ እንዳይከፈት ብሏል ትላለች። ተስቦ ሲባል ሰው እንዴት እንደሚሸሽ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሣጥኑ ግን ሬሳ የለበትም። ከስዊድን ማዶ ባለችው በጊለላየ የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ በአጎት ሄንሪክ ቤት ለቅሶ ተቀምጠዋል፤ የሚያለቅሱላት የአያት እህት ግን ተፈጥራ አታውቅም። ለቀስተኞቹ ወደ ስዊድን ሊሻገሩ የተሰበሰቡ አይሁድ ናቸው፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ለጉዞው የሚሆን ብርድ ልብስና ልብስ ነው። አነማሪ አጎቷን ላም ሲያልብ አግኝታ ለምን ትዋሸኛለህ የምትለው በዚህ መሐል ነው። እሱም አይቆጣም፣ አይክድም። ሁሉንም ነገር ካላወቁ ጀግና መሆን ይቀላል ይላታል በራሱ አነጋገር፤ እናትሽም አታውቅም፣ እኔም ሁሉን አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ ኤለን ስለ ሟቿ ስትጠይቃት አነማሪ እውነቱን አትነግራትም። እናቷ እሷን እንደ ጠበቀቻት እሷም ጓደኛዋን እየጠበቀች እንደሆነ ይገባታል።

ልጄ መዳፏን ገጹ ላይ ያሳረፈችው እዚህ ጋ ነበር። አልዋሽም፣ እኔም መልስ አልነበረኝም። ውሸት ነውር ነው እያልኩ ነው ያሳደግኳት። ቀስ ብላ እሷው መለሰችው፤ «ኪርስቲን ርችት ነው ብለዋት የለ?» አለች። በ1943 ኦገስት ጀርመኖች የዴንማርክን መርከቦች እንዳይወስዱ ዴንማርኮች ራሳቸው መርከቦቻቸውን ወደብ ላይ አሰጠሙ፤ እውነተኛ ታሪክ ነው። ፍንዳታው ሰማዩን ሲያበራ የኪርስቲ ልደት ነበርና እናቷ ለልደትሽ የተተኮሰ ርችት ነው ብላ አስተኛቻት። በምዕራፍ 4 እንደ ቀልድ ያለፍነው ነገር ነው። ልጄ አምስት ምዕራፍ ይዛው ቆይታ አወጣችው። መጽሐፉ ለልጅ መጻፉ በደንብ የታሰበበት መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። መልሱን ከማንም አዋቂ አፍ አያወጣም፤ ዕቃውን ቀድሞ አስቀምጦለት ልጁ ራሱ እንዲያገኘው ይተወዋል።

ስለ ርእሱም ልበል። ሣጥኑ አጠገብ ፔተር መጽሐፍ ቅዱስ ከፍቶ እግዚአብሔር ከዋክብትን ይቆጥራል፣ በየስማቸው ይጠራቸዋል የሚለውን መዝሙር ያነባል። መጽሐፉ ላይ 147 ነው፤ በግእዙ ዳዊት ግን 146 ላይ ነው የሚገኘው፤ ልፈልገው ስነሣ ቁጥሩ አሳስቶኝ ነበር። እናቴ ጧት ጧት ስትደግመው የሰማሁት ቃል ባዕድ አገር ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ላይ ሲነበብ ባገኘው ጊዜ ሰውነቴን ወረረኝ። አነማሪ ግን አትጽናናም። ከዋክብት በጣም ብዙ ናቸው፣ ሰማዩ በጣም ትልቅ ነው ብላ ታስባለች፤ ዓለሙም እንደ ሰማዩ ትልቅና ጨካኝ ይመስላታል። ደራሲዋ የ10 ዓመት ልጅ በጸሎት መሐል እንድትጠራጠር መፍቀዷን አከብርላታለሁ።

የመጨረሻው ሩጫ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ከመጽሐፉ ሁሉ በፍጥነት የሚነበበው እሱ ነው፤ ሁለት ምዕራፍ በአንድ ሌሊት አስነብባኛለች። ለአጎት ሄንሪክ መድረስ የነበረበት ትንሽ ጥቅል ይወድቃል፤ እናትየው ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሯል፤ አነማሪ ጥቅሉን በቅርጫት ውስጥ ከዳቦና ከአይብ ሥር ደብቃ በጫካ ትሮጣለች። ውሻ የያዙ ወታደሮች ያስቆሟታል። የምታመልጠው ታናሽ እህቷን መስላ፣ እንደ ምንም የማታውቅ ሕፃን እያላዘነች ነው። የጥቅሉ ምስጢር መሐረብ ነው። የደራሲዋ ማስታወሻ እንደሚያስረዳው የደረቀ የጥንቸል ደምና ኮኬይን የተነሰነሰበት ነው፤ ውሻው ደሙ ሸትቶት ሲቀርብ ኮኬይኑ አፍንጫውን ያደነዝዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ጀልባው ውስጥ የተደበቀ ሰው አይሸተውም። ዓሣ አጥማጆቹ ይህን በእውነት ተጠቅመውበታል። የ6 ዓመቱ ልጄ ተኝቷል ብለን ስናነብ «ውሻው ግን ይድናል?» የሚል ድምፅ ከአልጋው መጣ። ስንት ሌሊት ሲሰማን እንደ ከረመ እግዜር ይወቅ። ለእሱ ገና ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ አሁንም ከ9 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልመክረውም፤ የፎቶውን ሌሊት ለብቻው ተሸክሞ የሚያድር ይመስለኛል።

አሁን ቅር ያለኝን ልናገር፤ መጽሐፉን ስለምወደው ነው የምናገረው።

አንደኛው ኤለን ናት። ጀልባው እንደ ተንቀሳቀሰ ከታሪኩ ትወጣለች፤ አትመለስም። እስከዚያም ቢሆን የምናያት በአነማሪ ዐይን ነው። ስትፈራ እናያለን፤ ምን እንደምታስብ ግን አንሰማም። ከአልጋዋ ተነሥታ የሌላ ልጅ ስም የተናገረችው፣ ፀጉሯ የተጎተተው፣ ሐብሏ የተበጠሰው የእሷ ነው። የወዳጅነት መጽሐፍ ከሆነ የእሷም ልብ ውስጥ አንድ ምዕራፍ መግባት ነበረብን። አይሁዳዊቷ ልጅ የምትድን ብቻ፣ የዴንማርኳ ልጅ የምታድን ብቻ ሆና መቅረቷ ከፋኝ። ልጄ «ስዊድን ደርሳ ደብዳቤ አልጻፈችም?» ብላ ጠይቃለች። በጦርነቱ መሐል ደብዳቤው ለአነማሪ ቤት አደጋ ሊሆን ይችል እንደነበር ነገርኳት፤ ቢሆንም የእኔም ጥያቄ እሱ ነው።

ሁለተኛው ታሪኩ ጥርት ማለቱ ነው። የዴንማርክ አይሁድ መዳን እውነት ነው፤ እንደ እሱ ያለ ታሪክም በዚያ ጦርነት ብዙ የለም። በጀርመን ኤምባሲ የመርከብ ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ጌዎርግ ፈርዲናንድ ዱክቪትስ ምስጢሩን ለዴንማርክ ፖለቲከኞች አሾለከ፤ በሴፕቴምበር 29 ረቢ ማርኩስ ሜልኪዮር ለምእመናኑ ተደበቁ አለ፤ ኦክቶበር 1 ለ2 ሌሊት አፈሳው ሲጀመር አብዛኛው ቤት ባዶ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ7,000 በላይ አይሁድ በዓሣ ጀልባ ወደ ስዊድን ተሻገሩ። የአጎት ሄንሪክ መንደር ጊለላየ ካርታ ላይ ያለች መንደር ናት፤ ከእሷም ብዙ ሰው ተሻግሯል። ነገር ግን በዚያችው በጊለላየ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር የተደበቁ 80 ገደማ ሰዎች ተይዘዋል። ከዴንማርክ በጠቅላላው 470 ገደማ ሰዎች ወደ ቴሬዚየንሽታት ማጎሪያ ተወስደዋል። ዓሣ አጥማጆቹም ብዙዎቹ ያሻገሩት በክፍያ ነው፤ ለአንድ ሰው 1,000 ክሮነር ገደማ የተለመደ ነበር፤ ያኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ለሌለውም ሌሎች ያዋጡለት ነበር። ጀልባው ቢያዝ ኑሮው ነው የሚያዘው፤ እኔ አልፈርድበትም። አጎት ሄንሪክ ግን ሳንቲም ሲቀበል አይታይም፤ የተያዘ ሰውም አናይም። ለ10 ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ጻፉ አልልም። አንድ ዐረፍተ ነገር ቢሆንም ግን ማስታወሻው ላይ ፈልጌ ነበር። ስለዚህ እኔው ነገርኳት፤ በ11ኛው ሌሊት፣ መብራቱን ሳናጠፋ።

ደራሲዋ የተጠነቀቀችበትን ነገር ደግሞ መንሣት አይገባም። ንጉሥ ክርስቲያን 10ኛ ከአይሁድ ጋር ለመተባበር፣ ናዚዎች አይሁድን ለመለየት ያስደርጓቸው የነበረውን ቢጫ ኮከብ አጠለቀ የሚል ወሬ ዓለምን ዞሯል፤ እውነት አይደለም፤ ዴንማርክ ውስጥ አይሁድም ቢጫ ኮከብ አድርጉ ተብለው አያውቁም። ላውሪ ይህን ተረት አልወሰደችም። ያስገባችው ንጉሡ ያለ ጠባቂ በፈረሱ ጁቢሊ ላይ ሆኖ ጧት ጧት በከተማው ሲያልፍ ነው፤ እሱ በትክክል ያደርገው ነበር።

የመጨረሻው ምዕራፍ ሁለት ዓመት ይዘልላል። ሜይ 1945 ነው፤ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቶ ይዘምራል። አነማሪ ግን በዚያ ደስታ ላይ ሁለት ሐዘን ትሰማለች። ፔተር በጀርመኖች ተይዞ ተረሽኗል፤ ሊሰም የሞተችው በተራ የመኪና አደጋ አይደለም፤ እሷም የውስጥ አርበኛ ነበረችና ሆን ተብሎ በወታደር መኪና ተገጭታ ነው። ወላጆቿ ይህንንም ሲደብቋት ኖረዋል። ፔተርን ላውሪ ያበጀችው ኪም ማልተ-ብሩን ከተባለ እውነተኛ ወጣት ተነሥታ ነው። በኤፕሪል 1945፣ አገሩ ነፃ ልትወጣ አንድ ወር ሲቀራት ተረሸነ፤ 21 ዓመቱ ነበር። ሊገደል ሲል ለእናቱ የጻፈው ደብዳቤ ማስታወሻው ውስጥ አለ። ልብ ወለዱን ጨርሰው ማስታወሻውን የሚዘልሉ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ አትዝለሉት። ለልጄ ካነበብኩላት ሁሉ ፀጥ ብላ የሰማችው እሱን ነው።

አነማሪ በመጨረሻ የሟች እህቷን ቢጫ ቀሚስ ከሰማያዊው ሣጥን ታወጣለች፤ ሐብሉን የደበቀችው እዚያ ነው። አባቷን ጠግንልኝ ትለዋለች፤ ኤለን እስክትመለስ እሷ ልታጠልቀው። ኤለን ትመለስ አትመለስ አይነገርም።

እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል የደረሰ፣ ማንበብ የሚወድ ልጅ ለብቻው ይወጣዋል፤ የዴንማርክ ስሞች ብቻ ምላስ ያስራሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አብሮት የሚያነብ አዋቂ ቢኖር ይሻላል፤ ምዕራፍ 5፣ 10 እና 17 ላይ ጊዜ ስጡ፤ የቀሩትን ልጁ በፈለገው ፍጥነት ይሂድ። ወደ አማርኛ ተመልሶ ባገኘው ሁለት ገዝቼ አንዱን ለእህቴ ልጆች እሰጥ ነበር።

ልጄ አሁን ለብቻዋ እንደገና ጀምራዋለች። ትናንት ማታ መብራት ልታጠፋ ሲገባት ምዕራፍ 5 ላይ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ እንዳይሰማ በሹክሹክታ ነው የምታነበው።